እናቴ ፍሪጁ ላይ 23 ሕግ ለጥፋለች

«ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ28 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር እኖራለሁ። ችግሬን ሲያነቡ ይስቁ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ላይ እስቅ ነበር።

ለእናቴ ስማርት ስልክ ከገዛንላት ወዲህ ቤታችን ሕግ በሕግ ሆኗል። የቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አሜሪካ የሚኖሩት ትልቁ አጎታችን፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ በየቀኑ ‹ለምትወዱት ሁሉ አድርሱ› የሚል ማስጠንቀቂያ ይልካሉ። እማዬ አንዱንም አታልፍም። በእጇ እየገለበጠች ፍሪጁ ላይ ትለጥፋለች። እስከ ዛሬ 23 ደርሰዋል። ጥቂቶቹን ልጻፍልዎ።

ሕግ 1፦ በቀይ ቁጥር የሚደወል ስልክ አይነሳም። ያነሳ ሰው እዚያው ይሞታል።

ሕግ 4፦ ነዳጅ ማደያ አካባቢ ስልክ የነካ ሰው በእሳት ይጋያል። (በማደያ ፊት ለፊት በታክሲ ስናልፍ እንኳ ስልኬን አስጠፍታኛለች።)

ሕግ 7፦ ዛሬ ሌሊት ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ተኩል ከጠፈር አደገኛ ጨረር ስለሚመጣ ስልክ ከአልጋ ይራቅ። (‹ዛሬ› ከተባለ ወራት አልፈዋል። እማዬ ግን በየማታው ስልኮቻችንን ሰብስባ ድስት ውስጥ ትከድናለች።)

ሕግ 11፦ ዝናብ ሲጥል ቀይ ልብስ አይለበስም፤ መስታወት ይሸፈናል፤ ስልክ ይጠፋል።

ሕግ 15፦ ሻርክ ከመጣ አፍንጫውን በቡጢ መምታት።

ሕግ 18፦ ሊፍት ከተበጠሰ መሬት ሊነካ ሲል ወደ ላይ መዝለል። (ሕንፃችን ሊፍት የለውም።)

ሕግ 20፦ ታክሲ ውስጥ መስኮት አይከፈትም። ይህን ጋሼ አልላኩትም። የራሷ ነው።

ሕጎቹ ብቻቸውን ቢሆኑ ምንም አልነበረም። ግን እማዬ እንቅልፍ አጥታለች። ደም ግፊት አለባት። ወንድሜ ለሥራ ጋምቤላ ሲሄድ እስኪመለስ ድረስ በየሰዓቱ ትደውልለታለች። ባለፈው እሁድ ደግሞ ብርዱ ስለበረታ ከሰሉን ሳሎን አስገብታ ቡና አፈላች። ብርድ እንዳይመታን ብላ የበረንዳውን በር ዘጋችው። ከቡናው በኋላ ሦስታችንንም ራሳችንን አመመን፤ ወንድሜን አስመለሰው። በማግስቱ ፍሪጁ ላይ 23ኛው ሕግ ተለጥፎ አገኘሁ፦ ‹ቡና እየተጠጣ ስልክ አይነካም፤ ጨረሩ ራስ ያሳምማል።›

ወረቀቶቹን ልቅደዳቸው? ከግሩፑ ልውጣ? እናቴን ሳላስቀይም ምን ላድርግ?»

ውድ እህቴ፣

ስለ ሻርኩ ሳነብ ፈገግ ብዬ ነበር። 23ኛው ሕግ ላይ ስደርስ ግን ደነገጥኩ። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

ያን እሁድ ራሳችሁን ያመማችሁ ከስልክ ሊሆን አይችልም። ከከሰሉ ነው ብዬ በጣም እጠረጥራለሁ። ሦስት ሰው በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ አንዱን ማስመለስ፣ በሩ ዝግ፣ መሐል ላይ የጋመ ከሰል። ይህ የከሰል መርዝ የተለመደ መልኩ ነው።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ቀለም የለውም። ሽታ የለውም። አያስልም፣ ዓይንም አያቃጥልም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው። ይህ ጋዝ ደግሞ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ጉልበት ነው። የኦክስጅንን ቦታ ይይዝበታል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል ማለት ነው። መጀመሪያ ራስ ምታት ይመጣል። ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት። ጉንፋን ይመስላል፤ ትኩሳት ግን የለውም። እየባሰ ሲሄድ ሐሳብ ይምታታል፤ ሰውየው ተነስቶ በር ለመክፈት እንኳ አቅም ያጣል። የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቱን ሳያውቀው ያልፋል። በየክረምቱ ቤተሰብ ሙሉ በዚህ መንገድ አልቆ እንሰማለን። እናንተ ያን ቀን ራሳችሁን ማመሙ ብቻ ማለፉ በጣም ደስ ብሎኛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። «ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ ይቀጣጠል፣ ከዚያ ይገባል» ይባላል። ጭሱ ማለቁ ጋዙ ማለቁ አይደለም። ቀይ ሆኖ የጋመ፣ ንጹሕ የሚመስል ከሰልም ጋዙን ያወጣል። ሰው የሚዘናጋውም ጭስ ስለማያይ ነው። ከሰሉ ላይ ጨው መነስነስ ጋዙን አያጠፋውም። አጠገቡ በሳህን ውሃ ማስቀመጥም አይረዳም። ለዕጣን ማጨሻ የምትገባው ትንሽ ፍም እንኳ ክፍሉ ጠባብና ዝግ ከሆነ አትናቅም። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የልብ ሕመም ያለባቸውና አረጋውያን ከሌላው በፊት ይጎዳሉ። ለደም ግፊት ታማሚ እናትሽም የምፈራው ለዚህ ነው።

ቡናው አይቅር። ቡና የሌለበት እሁድ ለማንም አልመኝም። ከሰሉ ግን በረንዳ ላይ ይሁን። ብርዱ ካየለ ጀበናው ስቶቭ ላይ ይጣድ፤ ሥነ ሥርዓቱ ሳሎን ይቀጥል። የግድ ከሰል ከገባ በሩና መስኮቱ ወለል ብለው ይከፈቱ፤ የመጨረሻው ስኒ እንደተጠጣ ፍሙ ይውጣ። እንቅልፍና ከሰል በአንድ ጣሪያ ሥር አይደሩ። ደግሞ ወደፊት ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ምክንያቱን አትመራመሩ። መጀመሪያ ሁላችሁም ውጡ። ወተትም ሎሚም ፍለጋ አትቆዩ። የሚያስፈልገው ንጹሕ አየር ነው፤ ከዚያ ሐኪም ቤት የሚሰጥ ኦክስጅን። በአዲስ አበባ ለእሳትና ለድንገተኛ አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። እነዚህን ቁጥሮች ለእናትሽ አጽፊያቸው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እናትሽ ሞኝ አይደሉም። የሚፈሩት ስለሚወዷችሁ ነው፤ የእጅ ጽሑፋቸውም ይህንኑ ይናገራል። 23 ወረቀት በእጅ መገልበጥ ቀላል ሥራ አይደለም። የተቸገሩት አእምሯቸው አደጋን የሚቆጥርበት መንገድ ስለሚያሳስታቸው ነው። ያ መንገድ ደግሞ የሁላችንም ነው። አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1973 ስለዚህ ጽፈው ነበር። ሰው አንድ ነገር ምን ያህል ጊዜ እንደሚደርስ የሚገምተው ቁጥር አይቶ አይደለም፤ ቶሎ ትዝ እንደሚለው መጠን ነው። የሚያስደነግጥ ወሬ ደግሞ ቶሎ ትዝ ይላል። ዝም ብሎ የሚገድል ነገር ትዝ አይልም።

ይህ ስህተት ሕይወት ያስከፍላል። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 አሜሪካ ውስጥ በአውሮፕላን ጥቃት ከተፈጸመ በኋላ ብዙ ሰው መብረር ፈርቶ በመኪና መጓዝ መረጠ። ገርድ ጊገረንዘር የሚባሉ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ምሁር በቀጣዮቹ 12 ወራት በዚህ ምክንያት ወደ 1,500 የሚጠጋ ተጨማሪ ሰው በመኪና መንገድ እንደሞተ ገምተዋል። እነዚያ ሰዎች ከአደጋ ያመለጡ መስሏቸው ወደ ባሰው አደጋ ሄዱ። የእናትሽ 23ኛው ሕግም እንዲሁ ነው። ዓይን ስልኩ ላይ ሲያፈጥ ከሰሉ ተረሳ።

ስለዚህ ወረቀቶቹን አትቅደጂ። አንድ በአንድ ከእሳቸው ጋር ተቀምጠሽ እይዋቸው። በየሕጉ አጠገብ እውነተኛው አደጋ የት እንዳለ ፈልጉ። እኔም ላግዝሽ።

በቀይ ቁጥር የሚደወለው ስልክ የቆየ ወሬ ነው። በፈረንጆቹ 2004 ናይጄሪያን፣ በ2007 ፓኪስታንን አስጨንቋል። ስልክ የሚያመጣው ድምፅ ነው፤ ድምፁ ሰው አይገድልም። ቁጥሩ በምን ቀለም እንደሚታይ የሚወስነውም ስልኩ ራሱ ነው። ብዙ ስልኮች ያልተነሳ ጥሪን በቀይ ያሳያሉ። እናትሽ ቀይ ካዩ ማለት እኮ አንቺ ደውለሽ አላነሱም ማለት ሊሆን ይችላል። በስልክ የሚመጣው እውነተኛ ጉዳት ሌላ ነው። ትሁት ድምፅ ያለው ሰው ይደውላል። «እናቴ፣ ዕጣ ወጥቶልዎታል፤ አሁን በመልእክት የደረስዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ይላል። ያ ቁጥር የገንዘባቸው ቁልፍ ነው። በቴሌብርም ሆነ በባንክ፣ የሚስጥር ቁጥርና በመልእክት የሚመጣ ኮድ ለማንም አይነገርም። ደዋዩ የቱንም ያህል ቢያቻኩል፣ ከባንክ ነኝ ቢልም አይነገርም። ሕግ 1 በዚህ ቢተካ እንዴት ደስ ባለኝ።

ስለ ጠፈር ጨረሩ መልእክት እናትሽን አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ «ዛሬ» የሚለው የትኛው ዛሬ ነው? መልእክቱ ቀን የለውም። ከአሥር ዓመት በላይ በዓለም ሲዞር የኖረውም ለዚህ ነው። «ዛሬ» እስካለ ድረስ አያረጅም። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር በእርግጥ አለ፤ ግን ሁልጊዜ ነው ያለው፤ ከባቢ አየራችን ይከላከለዋል፤ ስልክም አይስበውም። ስልክ ከአልጋ መራቁን ግን እኔም እደግፈዋለሁ፤ ለእንቅልፍ ጥሩ ነው። ድስቱ ይቅር ብቻ። በተለይ ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ ድስት ውስጥም፣ ትራስ ሥርም፣ ብርድ ልብስ ውስጥም አይግባ። ይግላል። ርካሽ፣ አስመስሎ የተሠራ ቻርጀር ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።

ነዳጅ ማደያው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ግማሽ እውነት ነው። በስልክ ጥሪ ምክንያት እሳት ተነሳ የሚባሉት ታሪኮች ሲመረመሩ መነሻው ስልኩ ሆኖ አልተገኘም። እሳት የሚያስነሳው የተከፈተ ነበልባል፣ ሲጋራ፣ እየሠራ ያለ ሞተር፣ ወይም ሰው ከመቀመጫ ሲነሳ ልብሱ ተፋትጎ የሚፈጥረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው። ማደያው «ስልክ አትጠቀሙ» ካለ መታዘዝ ይገባል፤ ጥንቃቄ ነው፣ ሰውም ልቡ በሥራው ላይ ይሆናል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ፒካፕ ላይ እንደተጫነ ቤንዚን የሚሞላው የፕላስቲክ ጀሪካን ነው። ጀሪካን መሬት ላይ ተቀምጦ ነው የሚሞላው። መሬት ካልነካ ብልጭታው መሄጃ ያጣና የቤንዚኑ ትነት ላይ ሊዘል ይችላል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ያንን ጀሪካን ቤት ወስዶ ከስቶቭ አጠገብ ማስቀመጥ ነው። በታክሲ በማደያ ፊት ስታልፉ ግን ስልክሽን ማጥፋት አያስፈልግሽም።

መብረቅ ቀይ ልብስ አይመርጥም። ሞባይል ስልክም አይጠራውም። መስታወትም ምንም አላደረገም። መብረቅ የሚፈልገው ከፍ ብሎ ብቻውን የቆመ ነገር ነው። ሜዳ ላይ ያለች ዛፍ፣ ኮረብታ ላይ የቆመ እረኛ። ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ ዛፍ ሥር መጠለል ከቀይ ሹራብ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይገድላል። ገጠር ዘመድ ካላችሁ ይህን ንገሯቸው። ቤት ወይም ጣሪያው ብረት የሆነ መኪና ውስጥ መግባት ነው። ቤት ውስጥም ገመድ ካለው የመስመር ስልክና ከቧንቧ ራቅ ማለት ይሻላል። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ። በየሦስቱ ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ቅርብ ነው፤ ግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ለ30 ደቂቃ አትውጡ። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ብዙ ሰው ስለሚፈራ ነው። በመብረቅ የተመታ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ አይቀርም። ይነካል። ትንፋሹና ልቡ ቆሞ ከሆነ ቶሎ ደርሶ ደረቱን የሚጫን ሰው ሊያድነው ይችላል።

ሊፍቱን በአጭሩ። ኤሊሻ ኦቲስ የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1854 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ሰው ተሰብስቦ እያየ፣ የቆመበትን ሊፍት ገመድ አስቆርጧል። ሊፍቱ ባለበት ቀረ። የዛሬዎቹ ሊፍቶችም ከአንድ በላይ ገመድና የራሳቸው ፍሬን አላቸው፤ መዝለሉም አይጠቅምም። የእናንተ አደጋ መብራት ሲጠፋ የሚጨልመው ደረጃ ነው። በሩ አጠገብ ባትሪ ይቀመጥ።

ሻርኩ! አፍንጫውን ምቱት የሚለው ምክር ራሱ ስህተት አይደለም። ግን አገራችን ባሕር የላትም። በመላው ዓለምም በሻርክ የሚሞተው ሰው በአማካይ በዓመት አሥር አይሞላም። እናትሽ በየሰዓቱ የሚደውሉለት ወንድምሽ ግን ጋምቤላ ነው የሚሄደው። እዚያ የምትጠብቀው ትንኝ ናት። በፈረንጆቹ 2023 ብቻ ወባ በዓለም ላይ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ገድላለች፤ አብዛኞቹ የአፍሪካ ሕፃናት ናቸው። እባክሽ ከሻርኩ ጎን ይህን ጻፉበት፦ አጎበር ይዞ ይሂድ፤ ሥሩም ይተኛ። ከተመለሰ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ከያዘው በዚያው ቀን ይመርመር፤ ለሐኪሙም «ጋምቤላ ነበርኩ» ይበል። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ይህን ካልሰማ ጉንፋን ሊመስለው ይችላል። የእናትሽ ስልክም ያኔ ዋጋ ይኖረዋል፦ «አጎበሩን ሰቀልክ?» ብለው አንዴ ቢጠይቁት ይበቃል።

አሁን ስለ መስኮቱ። ይህ ሕግ የእናትሽ ብቻ አይደለም፤ የአገር ሕግ ነው። ሚኒባስ ውስጥ 12 ሰው ተጨናንቆ፣ አንዱ እየሳለ፣ መስታወቱ በትንፋሽ ላብ ጉም ለብሶ፣ አንድ ምስኪን መስኮት ገርበብ ሲያደርግ ከኋላ «ዝጋው እንጂ፣ ብርድ ሊያስመታን ነው!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ረዳቱም ይስማማል። መስኮቱ ይዘጋል። ሁላችንም የአንዱን ሳል ተካፍለን እንወርዳለን።

በመስኮት የሚገባ ነፋስ አንገት ሊያደርቅ ይችላል፤ ላብ ያለበትን ሰው ያንቀጠቅጣል። ያ ደስ አይልም፤ የሰውን ምቾት አልንቅም። በሽታ የሚያሲዘን ግን ነፋሱ አይደለም፤ ከሌላ ሰው ሳንባ የሚወጣ አየር ነው። ሳንባ ነቀርሳ በአየር ነው የሚተላለፈው። በ2023 በዓለም 1.25 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። ኢትዮጵያ በሽታው በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ናት። አንድ አጭር ጉዞ ያሲዛል ማለቴ አይደለም። በየቀኑ ጠዋትና ማታ፣ ለረጅም ሰዓት፣ ዝግ ቦታ መቀመጥ ነው ዕድሉን የሚያሰፋው። ክፍት መስኮት ያንን አየር ያሳሳዋል። ዋጋውም ባዶ ነው። ጉንፋኑም፣ ሌላውም በአየር የሚመጣ ነገር በዚሁ ይቀንሳል።

እናትሽን «ብርድ የሚባል የለም» ብለሽ አትሞግቻቸው። አይሠራም፤ ክብርም አይደለም። መሐል መቀመጫ ያዢላቸው። ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ደርቡላቸው። መስኮቱ ከሦስት ጣት ያልበለጠ ይከፈት። እሳቸው ይሞቃቸዋል፤ ሰዉም ይተነፍሳል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚስል ሰው ካለ ደግሞ፣ ከቤተሰብም ይሁን ከጎረቤት፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታውን ያስመርምር። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነፃ ይሰጣል፤ በትክክል ከተወሰደም ይድናል።

ፍሪጁ ላይ ያላየኋቸው ሁለት ሦስት ነገሮች አሉ። አንዱ የምጣዱ ነገር ነው። እንጀራ እየተጋገረ መብራት ይሄዳል። ሰው ተስፋ ቆርጦ ሊጡን ይከድናል፣ ልብሱን ይቀይራል፣ ለቅሶ ወይም ገበያ ይሄዳል። ምጣዱ እንደተሰካ ነው። መብራት ይመጣል። ቤት ማንም የለም። እናትሽ የቤቱ ሕግ አውጪ ስለሆኑ ይህን ለእሳቸው ስጫቸው፦ መብራት ሲጠፋ ምጣዱ፣ ስቶቩና ካውያው ከሶኬት ይነቀላሉ፤ ከዚያ ነው ከቤት የሚወጣው። ምጣድና ስቶቭም በአንድ ዲቫይደር ላይ አይሰኩም። ገመዱ ሲግል በእጅ ይታወቃል።

ሌላው መንገዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመኪና አደጋ ይሞታል። ቀለበት መንገድ ላይ አጥር ዘሎ መሻገር ከጻፍሽልኝ ሕጎች አንዱም ውስጥ የለም። ለእናትሽ እግር መሻገሪያ ድልድዩ ይከብዳል፤ ስለዚህ አብረሽ ውጪ፣ እጃቸውን ያዢ። ውሻ የነከሰው ሰው ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀን ክትባት ወዳለበት ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ከተደረሰበት ግን መከላከል ይቻላል።

እናትሽን እንዴት ታናግሪያቸው? ግሩፕ ውስጥ አታርሚያቸው። በዘመድ ፊት የተነገረ እርማት ስድብ ይሆናል። ቡና ላይ ይሁን፤ በረንዳ ላይ። ከከሰሉ ጀምሪ፤ ራሳቸው ያን እሁድ የታመሙበት ስለሆነ ይገባቸዋል። «እማዬ፣ ይሄ ሕግሽ ልክ ነው፣ ራስ ምታቱን አይተሻል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው» በያቸው። ያዩትን አታስተባብይባቸው። አዲሱን ሕግ በእጃቸው እሳቸው ይጻፉት። ሰው የጻፈውን ያስከብራል። አዲስ ማስጠንቀቂያ ሲመጣም ከመለጠፉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ማን አለው? መቼ? የት? ሦስቱም መልስ ከሌላቸው ፍሪጁ ላይ አይወጣም። እንቅልፋቸውን ደግሞ ዝም ብለሽ አትለፊው። ወረቀቱ ቀርቶም ካልተኙ ለደም ግፊት ክትትል ሲሄዱ ለሐኪማቸው ይንገሩ። እንቅልፍ ማጣት ለግፊት አይበጅም፤ ጭንቀትም ሕክምና አለው።

ከግሩፑም አትውጪ። ድምፁን ዝጊው፤ ማታ አንዴ እይው። እናትሽ ብቻቸውን እንዲያነቡት አልፈልግም።

ጋሼን ግን ለብቻቸው ጻፊላቸው። ከሩቅ ሆነው የሚልኩት ሁሉ ጭንቀት ነው፤ እህታቸው አጠገብ ሆነው ሊጠብቋት ስላልቻሉ ነው። ስለዚህ በእርግጥ የሚጠብቃትን ነገር ጠይቂያቸው። እሳቸው ባሉበት አገር የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ በየሱቁ ይሸጣል፤ በብዙ ግዛቶች ቤት ውስጥ እንዲኖር ሕግ ያስገድዳል። ጋዙ ሲበዛ ይጮኻል። እንዲህ ብለሽ ላኪላቸው፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው እሁድ ከሰል አሳምሞን ነበር፤ አሁን ደህና ነን። ሰው ሲመጣ ይህን መሣሪያ ቢልኩልን እማዬ እፎይ ብላ ትተኛለች። በባትሪ የሚሠራውን ይምረጡ፤ የእርስዎ አገር መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ሁለት ቢሆኑ ደግሞ አንዱን ሳሎን፣ አንዱን እማዬ መኝታ ቤት እንሰቅለዋለን። ከሰሉንም በረንዳ አውጥተነዋል።»